ትኋኑ የጋራ፣ መርዙ የግል

የአዲስ አበባ ነዋሪ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል፣ ስለ ውኃ ፈረቃ ያወራል፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ያወራል። ስለ ትኋን ግን አያወራም። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የተገናኙ ሁለት ጎረቤታሞች ስለ መብራት መጥፋት ሩብ ሰዓት ቆመው ይማረራሉ። ሁለቱም ሌሊቱን ገላቸውን ሲያኩ አድረው ቢሆን እንኳ ያንን አንዳቸውም አያነሱትም። ትኋን ገመና ነው፤ ገመና ደግሞ ይሸፈናል እንጂ አይወራም።

ይህ ዝምታ ጨዋነት ይመስላል። ነገር ግን ትኋን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እንዲዛመት ዋናው ረዳቱ ይኸው ዝምታ ነው። ዝም ብሎ ለብቻው መፍትሔ የሚፈልግ ሰው ደግሞ መጨረሻው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ከመንገድ ዳር፣ ስሙ ያልተጻፈበት ፈሳሽ በሃይላንድ ፕላስቲክ ገዝቶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ማንም ሳያየው ወደ ቤቱ መግባት። ትኋን ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያሳቅቃል፤ ሰው ግን አይገድልም። ትኋንን ለማጥፋት ቤት ውስጥ የገባ መርዝ ግን ሰው ገድሏል።

◆ የ"ቆሻሻ ቤት" ተረት

መጀመሪያ መፍረስ ያለበት፣ ትኋን የቆሻሻ ቤት ምልክት ነው የሚለው እምነት ነው። ትኋን ፍርፋሪ አይበላም፤ ምግቡ ደም ነው። ወደ ሰው የሚመራውም የገላ ሙቀትና ከትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንጂ ያልታጠበ ሰሃን አይደለም። ወለሉ እንደ መስተዋት በሚያብረቀርቅ ቤት የሚተኛ ሰውም ደም አለው፤ እሱም ይተነፍሳል።

ትኋን ቤት የሚገባው ተጭኖ ነው። በሻንጣ፣ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ያደሩበት ፔንሲዮን አልጋ ላይ ከተቀመጠ ልብስ፣ በርካሽ ከተገዛ ያገለገለ ሶፋና ፍራሽ ጋር ይመጣል። ኪራይ በተጨመረበት ቁጥር አልጋውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ከሰፈር ሰፈር የሚሰደድ ተከራይ ባለበት ከተማ፣ ትኋን እግር አያስፈልገውም። ኪራዩ ራሱ ያዞረዋል። እንግዲህ አንድ ቤት ትኋን ስለተገኘበት የቤቱን እመቤት በዓይን መገረፍ፣ በጎርፍ የተጠቃን ሰው "ለምን ረጠብክ" ብሎ እንደመውቀስ ነው።

በረሮና አይጥ ላይ ንጽህና ድርሻ አለው፤ ይህ አይካድም። ያልተከደነ ምግብ፣ ያደረ ቆሻሻ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይስባቸዋል። ግን እዚያም ቢሆን የአንድ ቤት ንጽህና ብቻውን አይበቃም። በአንደኛ ፎቅ ያለው ቤተሰብ ወጥ ቤቱን በየቀኑ ቢወለውል፣ የብሎኩ ቆሻሻ ሳይነሳ ሰንብቶ ደረጃ ሥር ከተከመረ አይጡ ቀለቡን አላጣም። በረሮ የአስም ሕመምተኛን፣ በተለይ ሕፃናትን፣ እንደሚያባብስ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው። ይህን የሚያውቅ ወላጅ የራሱን ወጥ ቤት እያጸዳ የጎረቤቱን በረሮ ልጁ ሲተነፍስ ሊያይ ይገደዳል።

◆ ግድግዳው የማን ነው?

በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ፣ 223 አፓርታማዎች ባሉት አንድ ረጅም ሕንፃ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። ትኋን መጀመሪያ መግባቱ ከተረጋገጠ በ41 ወራት ውስጥ 101 አፓርታማዎችን አዳርሷል። ትኋን ካለባቸው ቤቶች ጋር ከሚዋሰኑት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥም ተገኝቷል። ከሁሉ የሚገርመው ሌላ ነው፦ ትኋን ከተገኘባቸው ቤቶች ተጠያቂ ነዋሪዎች ግማሽ ያህሉ ቤታቸው ትኋን መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር።

ይህ በጀሞም፣ በሰሚትም፣ በየካ አባዶም የማይሆንበት ምክንያት የለም። ኮንዶሚኒየም ማለት የተደራረበ ቤት ነው። የውኃና የፍሳሽ ቱቦ ከፎቅ ፎቅ ይወርዳል፤ የመብራት ገመድ ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፤ የበሩ ሥር ክፍት ነው። ለሰው አራት ቤት የሚመስለው ለትኋንና ለበረሮ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው።

በዚህ መካከል አንዱ አባወራ በሩን ዘግቶ ፍሊት ይነፋል። ከሱቅ የሚገዙት ፍሊቶች አብዛኞቹ ፓይሬትሮይድ ከሚባለው የመርዝ ቤተሰብ ናቸው። ትኋን በዓለም ዙሪያ ይህን መርዝ ከተላመደ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ገበያ ላይ ያሉ ሦስት የቤት ውስጥ ጭስ አፍኖች ትኋን ላይ ሞክረው ፋይዳ ቢስ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ጭሱ ትኋኑ ወደተሸጎጠበት ስንጥቅ አይደርስም። የዳነውም ግድግዳውን ተሻግሮ ጎረቤት ሊገባ ይችላል። እንቁላሉ ደግሞ ይተርፋል፤ ከስድስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ይፈለፈላል።

ስለዚህ አባወራው ሦስት ቀን ሰላም ያድራል፣ በሁለተኛው ሳምንት ማሳከኩ ይመለሳል። የሚደርስበት ድምዳሜ ግን "ዘዴው ስህተት ነበር" የሚል አይደለም። "መድኃኒቱ ደካማ ነበር" ይላል። ከዚያ ጠንከር ያለ ፍለጋ ይወጣል። አደጋው ያለው እዚህ መሰላል ላይ ነው፦ ከፍሊት ወደ ማላታይን፣ ከማላታይን ወደ እህል ክኒን።

◆ መርዝን "መድኃኒት" ያለ አፍ

በየሰፈሩ የሚዞረው ድምፅ ማጉያ ለሁሉም ጆሮ የታወቀ ነው፦ የትኋን፣ የቁንጫ፣ የበረሮ፣ የአይጥ መድኃኒት! "መድኃኒት" ይላል። ቃሉ ራሱ ያዘናጋል። መድኃኒት የሚባል ነገር ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጣል፣ በእጅ ይነካል፣ በማንኪያ ይለካል። ስሙ መርዝ ቢባል ኖሮ ስንት እናት ከዘይቱ ጠርሙስ አጠገብ ታስቀምጠው ነበር?

ማላታይን በእርሻ ላይ የሚረጭ፣ የነርቭን ሥራ የሚያውክ ኬሚካል ነው። በተገቢው መጠን ተበጥብጦ፣ በጓንትና በጭንብል፣ መመሪያው ተነቦ ለሚሠራበት ቦታ የተዘጋጀ ነው። መንገድ ዳር የሚሸጠው ግን መመሪያ የለውም፣ መጠን የለውም፣ የሚያበቃበት ቀን የለውም፤ አንዳንዴም በውስጡ ያለው ሌላ ኬሚካል ሊሆን ይችላል። የሚቀዳው ሰው በየቀኑ ውኃ በሚጠጣበት ዕቃ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውኃ እንጂ መርዝ አይታየውም። ባዶው ፕላስቲክም ለቆራሌው ተሸጦ ነገ ሌላ ቤት ዘይት ሊቀዳበት ይችላል።

የመሰላሉ ጫፍ ክኒኑ ነው። ጎተራ ውስጥ እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ የሚደረገው ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ክኒኑ ራሱ ሳይሆን ከእሱ የሚወጣው ጋዝ ነው ገዳዩ። አየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ በስንጥቅና በቱቦ ዳር ሾልኮ ይሄዳል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ሸራ በተሸፈነ፣ ሰው በማይደርስበት መጋዘን ለሚሠራ ባለሙያ የተሠራ ነገር ነው። መኝታ ቤት ውስጥ አልጋ ሥር ሲቀመጥ ግን ትኋኑንና ሰውን አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ2009 በሳዑዲ ዓረቢያ ጅዳ ከተማ ሁለት የዴንማርክ ሕፃናት የሞቱት የገዛ ቤታቸው ውስጥ በተደረገ ነገር አልነበረም። መርዙ የተደረገው ጎረቤት አፓርታማ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ አማሪሎ ከተማ አንድ አባት ከቤቱ ሥር የተደረገው ክኒን ሽታ ሲያስቸግረው በውኃ ሊያጥበው ሞከረ። ውኃው ጋዙን አባዛው፤ አራት ልጆቹ ሞቱ። በጅዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይ አንድ ክፍል ለብዙ ሆነው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ አደጋ የራቁ አይደሉም።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እዚህ ግን ዳዋው ቅጠል አይደለም፤ ከግድግዳው ማዶ የተኛ ልጅ ነው።

◆ ተጠያቂው ዝርዝር

ጣት የሚቀሰርበት የመጀመሪያው ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚዞረው ወጣት ነው። እሱ የዕለት ጉርሱን ፈላጊ ነው። ከማን እንደተረከበ፣ ከየትኛው መጋዘን ተቀንሶ እንደወጣ የሚጠይቀው የለም። ደንብ አስከባሪ ሲያባርረውም ብዙውን ጊዜ መንገድ ስለዘጋ እንጂ መርዝ ስለሸጠ አይደለም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ፣ የሚሸጠውም ገላጭ ጽሑፍ እንዲኖረው ይጠይቃል። በጠራራ ፀሐይ፣ በድምፅ ማጉያ የሚጣስ ሕግ ግን ወረቀት ነው። ተቆጣጣሪው አካል ከችርቻሮው ይልቅ ምንጩን፣ ማለትም ከትልቁ በርሜል ወደ ሃይላንድ የሚገለብጠውን ነጋዴ እስካልያዘ ድረስ አንድ ወጣት ሲታሰር ሌላው በማግሥቱ ይተካል።

ጤና ጣቢያና ወረዳ "ንጽህናችሁን ጠብቁ" ከማለት አልፈው መሄድ አለባቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ከነበሩት 16 ፓኬጆች አንዱ የነፍሳትና የአይጥ ቁጥጥር ነበር። ጉዳዩ የመንግሥት ሥራ መሆኑ በወረቀት ከሰፈረ ቆየ ማለት ነው። ነዋሪው ግን ትኋን ሲያይ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት መሄድ በሐሳቡም አይመጣበትም። ይህ የነዋሪው ጥፋት አይደለም።

አከራዩም አለ። "ትኋኑን ያመጣኸው አንተ ነህ" ብሎ ተከራዩን የሚያስወጣ፣ በሳምንቱ ያንኑ ክፍል ለሌላ የሚያከራይ አከራይ፣ ቤት ሳይሆን ትኋን ነው የሚያከራየው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያስገድዳል። እዚያ ውል ውስጥ ተባይ ማጥፋት የማን ወጪ እንደሆነ አንድ መስመር ማስገባት የሚከለክል ነገር የለም። የሚከለክለው እንደተለመደው እፍረቱ ነው።

የመጨረሻውና ዋናው ተጠያቂ የነዋሪዎች ማኅበሩ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበር እንዲቋቋም ያደረገው የጋራ የሆነውን ሕንፃ እንዲያስተዳድርና ለዚያ መዋጮ እንዲሰበስብ ነው። በብዙ ብሎክ መዋጮው ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለውኃ ፓምፕ ይወጣል። ሌባ ከውጭ እንዳይገባ ሌሊቱን ሙሉ ዘበኛ ይቆማል፤ ደም መጣጩ ግን ከቤት ቤት በነጻነት ይዘዋወራል። ቱቦው የጋራ ከሆነ፣ ግድግዳው የጋራ ከሆነ፣ በእሱ ውስጥ የሚሄደው ተባይ በምን ሒሳብ የአንድ አባወራ የግል ጉዳይ ይሆናል?

◆ "ድሀ ምን ያድርግ?"

አንድ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቸልታ መታለፍ የለበትም። መርዙ ርካሽ ነው፣ ባለሙያ ውድ ነው፣ ድሀ ምን ያድርግ ይባላል። እውነት ነው፣ አንድ ቤተሰብ ለብቻው ባለሙያ መጥራት ይከብደዋል። ነገር ግን መርዙ ርካሽ የሚመስለው አንዴ ሲገዛ ነው። በየወሩ ሲገዛ፣ በ20 ቤት ተባዝቶ ሲታሰብ ርካሽ አይሆንም። ያ ገንዘብ ተሰብስቦ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን፣ ሁሉም ቤት ላይ ቢውል ውጤቱ ሌላ ነበር። ድሀን የሚያደኸየው ለየብቻ መክፈሉ ነው።

ከዚያም ትኋንን በዋናነት የሚገድለው ሙቀት ነው። ከ50 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት በደንብ ከደረሰው ትኋኑም እንቁላሉም ይሞታል። አንሶላና ልብስ በፈላ ውኃ ማጠብ፣ የአልጋውን መገጣጠሚያ ፈትቶ የፈላ ውኃ ማፍሰስ እናቶች ድሮም የሚያውቁት ነገር ነው። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ላይደርስ ይችላል። የግድግዳና የቱቦ ዳር ስንጥቅ በሲሚንቶ ወይም በጀሶ መድፈን የአንድ ግንበኛ የቀን ሥራ ነው። አይጥም መርዝ ከመብላቱ በፊት መግቢያው ቢደፈን ይሻላል።

ዋናው ግን ቅደም ተከተሉና ኅብረቱ ነው። ማኅበሩ ቤት ለቤት ያስቆጥራል፤ ማን ቤት እንዳለ ሳይሆን የት የት እንዳለ ለማወቅ። ትኋን ያለበት ቤት ብቻ ሳይሆን የሚዋሰኑት፣ ከላይና ከታች ያሉትም በአንድ ቀን ይሠራሉ። እንቁላል ስለሚፈለፈል በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደገማል። ኬሚካል የግድ ከሆነ ፈቃድ ያለው ባለሙያ፣ ስሙ የተጻፈ ምርት ይዞ፣ ለሁሉም ጎረቤት አስቀድሞ አሳውቆ ይሠራል። የእህል ክኒን በምንም ምክንያት መኖሪያ ሕንፃ አይገባም።

አደጋው ከደረሰም ዝምታው መቅረት አለበት። መርዝ ከተደረገ በኋላ ቤት ውስጥ ወይም ጎረቤት ያለ ሰው ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከጀመረው፣ የምግብ መመረዝ ነው ብሎ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል። ሰዎቹ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይወጣሉ፤ ክኒኑ ላይ ውኃ አይፈስስም፤ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል፤ ምን መርዝ እንደተደረገ ለሐኪሙ በግልጽ ይነገራል። የጠጣ ልጅ ደግሞ በግድ እንዲያስመልስ አይደረግም። ሐኪም ፊት ማፈር የልጅን ነፍስ ያህል ዋጋ የለውም።

◆ ከትኋን ያለፈ ነገር

ትኋን በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። ስለዚህ ይህ ሁሉ ጩኸት ስለ ማሳከክ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። "የየራስህን ቤት ተመልከት" የሚለው ልማድ ግን ትኋን ላይ አይቆምም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም። በበርሜል፣ በሮቶና በጉድጓድ የተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በደረቁ ወቅት ወባ ሲቀሰቀስ ተመራማሪዎች ከዚህች ትንኝና ውኃ ከሚጠራቀምባቸው ዕቃዎች ጋር አያይዘውታል። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝም እንዲህ ባለው ውኃ ውስጥ ትራባለች።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል የሌለው ቤት የለም። አንዱ ቤተሰብ በርሜሉን ከድኖ፣ ጎረቤቱ ክፍቱን ቢተወው ትንኟ አጥር አይታ አትመለስም። ትኋን ላይ መተባበር ያልቻለ ብሎክ ትንኝ ላይ አይተባበርም። ውኃ በፈረቃ የሚያጠጣው መንግሥትም በርሜሉን ክደኑ ብሎ ብቻ መሄድ አይችልም፤ በርሜሉን ያመጣው ፈረቃው ነውና።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ብሂል ለአንድ ሰው ሕመም ብቻ የተባለ አይደለም፤ ለብሎክም ይሠራል። በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ አጀንዳው ላይ ከዘበኛው ደመወዝና ከፓምፑ ጥገና ቀጥሎ "ተባይ" የሚል አንድ መስመር ይግባ። መጀመሪያ እጁን አውጥቶ "እኔ ቤት አለ" የሚል ሰው ይሣቅበት ይሆናል። ግን ከእሱ ቀጥሎ ስንት እጅ እንደሚነሳ ቆጥሮ ማየት ነው። ያን ቀን ብሎኩ ትኋን ያለበት ስንት ቤት እንደሆነ ያውቃል፤ ስንት ቤት ደግሞ መርዝ በሃይላንድ እንደተቀመጠ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኛል። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ አስቸኳይ ነው።